በሚዛን የተሸጠ ሐር

ቻርልስ ፍሬደሪክ ዎርዝ እንግሊዛዊ ነው፤ የተወለደው በ1825 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወጣት ሳለ ፓሪስ ገብቶ ጨርቅ ሻጭ ሆነ፤ በ1858 ሩ ዴ ላ ፔ ላይ የራሱን ቤት ከፈተ። ከዚያ በፊት ወይዘሮዋ ጨርቋን ገዝታ፣ ለሰፊዋ «እንዲህ አድርገሽ ስፊልኝ» ትል ነበር። ዎርዝ ነገሩን ገለበጠው፤ አሠራሩን ራሱ ወሰነ፣ ስሙንም እንደ ሠዓሊ ወገቡ ላይ አሰፋበት። ደፋር ሰው!

ከደንበኞቹ አንዷ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የአሌክሳንደር 3ኛ ባለቤት፣ እቴጌ ማሪያ ፌዎዶሮቭና ነበሩ። ለብሰዋቸው ያመሹት የዎርዝ ቀሚሶች ዛሬም በሴንት ፒተርስበርጉ ኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛሉ።

እኔን ከስፌቱ ይልቅ የሚገርመኝ የዚያ ዘመን ጨርቅ ነው። ጥሬ ሐር ትሉ የለቀቀበት ሙጫ አለው። ሙጫው ካልታጠበ ሐሩ አይለሰልስም፣ አያበራም። ሲታጠብ ደግሞ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። ሐር የሚሸጠው ግን በሚዛን ነበር! ታዲያ የትኛው ነጋዴ ነው ይኼን ኪሳራ ዝም ብሎ የሚያየው? የሐር አቅላሚዎች መላ ዘየዱ፦ ሐሩን በብረታ ብረት ጨው፣ ወደ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በተለይ በቆርቆሮ ማዕድን ጨው፣ ደጋግሞ መንከር። የጎደለው ተሞላ፤ እንዲያውም ከጎደለው በላይ የጨመሩም ነበሩ። በሙያው ውስጥ ምስጢር አልነበረም። ለባሾቹም አልተከፉም፤ ከበድ ያለ፣ ሲራመዱበት የሚንሿሿ ሐር የባለጸግነት ምልክት ነበርና።

ጨው ግን ሥራውን አይተውም። ክሩን ውስጥ ውስጡን ያደርቀዋል፤ ብርሃን ሲያገኘው ይብስበታል። ጨለማ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው እንኳ በእጥፋቱ መሥመር ይሰነጠቃል። በዚህ የተነሣ ከመቶ ዓመት ቀድሞ የተሸመነ ሐር ብዙ ጊዜ በተሻለ ጤና ላይ ይገኛል። ወጪው ከፍ ያለ ልብስ ሁሉ ዕድሜው ረጅም ይመስለናል፤ እዚህ ላይ ግን ገንዘቡ የተከፈለው ለጨውም ጭምር ነው።

እቴጌይቱ ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1919፣ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ከክራይሚያ ወጡ፤ በ1928 በትውልድ አገራቸው በዴንማርክ ዐረፉ። ቀሚሶቹ እዚያው ቀሩ።

ጨው የጠጣ ቀሚስ የደረሰው ሙዚየም ሁሉ ችግር አለበት። በአሻንጉሊት ላይ ቢያቆሙት የራሱ ክብደት ይቀደዋል፤ በጨለማ ቢያስተኙት ማን ያየዋል? እኔ ብሆን ለጥቂት ሳምንት፣ በደብዛዛ መብራት፣ ስንጥቁን ሳልሸፍን አሳየው ነበር። ጎብኚው ወርቀ ዘቦውን አድንቆ ከማለፉ በፊት የአቅላሚውንም ሥራ ይይ።