የአሰብን መንገድ በጋቢና

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ የቸኮለ ሰው ከጀንበር በፊት ይጨርሰዋል። እኔ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ከሚሌ አልፌ እስከ ዲቾቶ መገንጠያ ለመድረስ አምስት ቀን ወሰድሁ። እስከ ባቲ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘሁት የጭነት መኪና ጋቢና፣ ለሾፌሩ የሻይ እየከፈልሁ ነበር የሄድሁት። ርካሽ ጉዞ ነው፤ ደግሞም መንገዱን ዕድሜ ልካቸውን ከተመላለሱበት ሰዎች ጎን ያስቀምጣል።

መንገዱ የወደብ ልጅ ነው። ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣልያናዊ ሚስዮናዊ በ1862 ዓ.ም. በሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ስም ከአካባቢው ሱልጣኖች በአሰብ መሬት ገዛ፤ በ1874 ዓ.ም. የጣልያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። አሰብን ከደጋው የሚያገናኘው የመኪና መንገድ የተሠራው ግን በወረራው ዘመን ነው። የጂቡቲው ባቡር የፈረንሳዮች ነበር፣ ምጽዋም ለመሐል አገር ሩቅ ነው፤ ጣልያን ስንቁንና ጥይቱን በሰው ሐዲድ ማመላለሱን አልወደደም። ለእኛ ብሎ አልሠራውም፤ ሲባረር ግን ጥሎት ሄደ።

ባቲ የደረስሁት በሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ይወጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ ይህ ግብይት ከአስፋልቱ በፊት የነበረ ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሚሌ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ በዚህ ቁልቁለት ላይ ሰው ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ በመጨረሻም ወሬውን ያወልቃል።

ከሚሌ ወዲያ የጫኑኝ ሾፌር ስድሳን የተሻገሩ ሰው ነበሩ። በረዳትነት የጀመሩት በፊያት «ኤን ትሬ» ነው። «ጋሼ፣ ያኔ እንዴት ነበር?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ያኔ የምንሄደው ወደ አገራችን ወደብ ነበር» አሉኝና ዝም አሉ። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ በ1960ዎቹ ከመሠራቱ በፊት፣ ከአሰብ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ሁሉ በባቲ ዳገት፣ በኮምቦልቻና በጣርማበር ዋሻ ያልፍ ነበር። ከተሠራ በኋላ ባቲን የሚያልፋት መኪና ሳሳ፤ ሚሌና ሎጊያ ግን በሾፌር ኪስ ከተማ ሆኑ፤ አልጋ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ሌሊቱን የማይጠፋ የጥብስ ምድጃ።

መንገዱ ሸቀጥ ብቻ አላመላለሰም። በ1978 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች፣ ቫይረሱ በረጅም መንገድ ሾፌሮችና በመንገዱ ዳር ከተሞች በሚኖሩ ሴቶች ዘንድ አስቀድሞ መስፋፋቱን አሳዩ። ሾፌሩ ስለዚህ ሲጠየቁ ጣታቸውን አጥፈው መቁጠር ጀመሩ፤ የባልንጀሮቻቸውን ስም ነበር። አንዱ እጅ አልበቃቸውም።

ሰመራን (አሳይታን ተክታ የክልሉ ርእሰ ከተማ የሆነችውን) አልፈን ሰርዶ ቆምን። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያፈረሳት ርዕደ መሬት ከሃያ በላይ ሰው ገደለ። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ጠቢቡ የአፋር አርብቶ አደር ነው ባይ ነኝ፤ ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራው ጎጆው ቢወድቅበት እንኳ ይነሣለታል፤ ሲፈልግም አፍርሶ በግመል ይጭነዋል። ድንጋይና ሲሚንቶ ግን ከላይ ሲመጣ ምሕረት የለውም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ሲሰደድ፣ ሰርዶ ነበረች ትዝ ያለችኝ።

ዲቾቶ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በጋላፊ ወደ ጂቡቲ፣ ሌላው በኤሊዳርና በቡሬ ወደ አሰብ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ እስኪፈነዳ ዋናው መንገድ የአሰቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ግንባር ሆነች፣ የአገሪቱም ጭነት ፊቱን ወደ ጂቡቲ አዞረ። እኔ ስደርስ ድንበሩ ከተከፈተ ሁለት ወር አልፎታል፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡሬ በኩል ወታደሩ ተቃቅፎ ተላቅሷል። ጭነቱ ግን ያንን አልሰማም። ቦቴውና ተሳቢው ሁሉ ወደ ጋላፊ ይታጠፋል፤ በአሰቡ መንገድ በቆምሁበት ሰዓት ያየሁት አንድ ወታደራዊ ፒክአፕና የፍየል መንጋ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ድንበሩም ዳግም ተዘጋ።

ሾፌሩ ከመታጠፋቸው በፊት ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። እስከ ወደቡ በር ያሉትን ኩርባዎች፣ ውሃ የሚገኝበትንና ጎማ የሚበላውን ድንጋያማ ቁልቁለት በቅደም ተከተል ነገሩኝ። ከሃያ ዓመት በላይ አልነዱበትም።