ማኅተም ያዥ

«የታመነ መድረክ ሞጁል አልተገኘም።» ይህን ያነበብኩት ፓሎ አልቶ ውስጥ፣ በአንድ አዛውንት ቤት፣ የቡና ስኒው ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያበቃ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጋሼ ላፕቶፓቸውን ወደ ዊንዶውስ 11 ለማሸጋገር ቢሞክሩ እምቢ ስላላቸው፣ ልጃቸው ወደ አማርኛ የተመለሰ መመሪያ አትማ ሰጥታቸዋለች። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና «ልጄ፣ የምን መድረክ ነው?» አሉኝ።

የጠየቁት ከልባቸው ነው። መድረክ በግእዝ የበር ደፍ ነው፤ በዛሬው አማርኛ ተናጋሪ የሚወጣበት፣ ተዋናይ የሚታይበት ከፍታ፣ ሲሰፋም የውይይት ጉባኤ ነው። የፖለቲካ ፓርቲዎች ስብስብ እንኳ በዚህ ስም ተጠርቶበታል። ላፕቶፕ ውስጥ ግን ምንም አያደርግም። እንግሊዝኛው «ፕላትፎርም» ስላለ ብቻ የገባ ቃል ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ከታች ያለው መስመር ነው፤ «የታመነውን መድረክ ሞጁል ያጽዱ» ይላል። ማጽዳት በእኛ ቋንቋ መልካም ሥራ ነው፤ ቤት ይጸዳል፣ ጤፍ ይጸዳል። እዚህ ግን የተባለው ሞጁሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ቺፕ፣ የያዘውን ምስጢር ሁሉ ደምስስ ነው። ዲስኩ በዊንዶውሱ መቆለፊያ በቢትሎከር ተቆልፎ 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁጥር በእጁ ያልያዘ ሰው፣ ይህን ምክር ቢሰማ የልጅ ልጆቹን ፎቶ ሁሉ ሊያጣ ይችላል። መጥፎ ትርጉም ጆሮ ብቻ አይጎዳም።

ነገሩ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቲፒኤም የሚባለው ይህ ቺፕ የራሱን ምስጢራዊ ቁልፎች በሆዱ ይዞ ለማንም አያወጣም፤ ሲጠየቅ ይፈርማል፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተነካካ ነገር ካየ ደግሞ ዲስኩን የሚከፍተውን ቁልፍ ይከለክላል። ለፓሎ አልቶ ባዳ አይደለም። የምስጠራ ሊቃውንቱ ዲፊና ሄልማን ለዚህ ሁሉ መሠረት የሆነውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት እዚያው ጎረቤት፣ ስታንፎርድ ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቺፑን ወደ መፍጠር ያመራውን ማኅበር ካቋቋሙት አምስት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኤችፒም ሥራ የጀመረው እዚያው ፓሎ አልቶ፣ አዲሰን ጎዳና ላይ፣ በአንዲት ጋራዥ ነው። በማኅበራቸው ስም ውስጥ ሳይቀር «ፕላትፎርም» ነበረበት፤ ለእነሱ የሙያ ቃላቸው ነው። እኛ የነሱን የስብሰባ ቃል የምንሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌሎች አማራጮችም ሰምቻለሁ። «የደህንነት ቺፕ» አጭር ነው፤ ግን «ደህንነት» ሲባል የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማንን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ የሚሰልል ቺፕ ይመስላል። «ቁልፍ ጠባቂ» ቀረብ ይላል፤ ነገር ግን በአማርኛ መቆለፊያውም ቁልፍ፣ መክፈቻውም ቁልፍ፣ የሸሚዙም ቁልፍ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ የምንጫነውም እንዲሁ። «ዐቃቤ ማኅተም» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ዐቀበ፣ ጠበቀ ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ይባሉ ነበር። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ለዛሬ ጆሮ ዐቃቤ የሚያስታውሰው ዐቃቤ ሕግን፣ ከሱም ጋር ፍርድ ቤትን ነው።

የምደግፈውን ቃል ያገኘሁት ከጋሼ አፍ ነው። «ቺፑ አለ፤ ተዘግቶ ስለሆነ ዊንዶውስ አላየውም» ስላቸው ሳቅ አሉና «እንዴ፣ ማኅተም ያዡ ወጥቷል በለኛ! ቢሮው ክፍት፣ ደብዳቤው የተጻፈ፣ ማኅተም ያዡ ግን የለም» አሉ።

ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ማኅተም ከኀተመ ይወጣል፤ ኅትመትም ማተሚያ ቤትም ከዚያው ናቸው። ቺፑ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ማተም፣ ማሸግ ነው የሚሉት። ማኅተም ከያዡ መሳቢያ አይወጣም፤ የሚወጣው የታተመው ወረቀት ነው፤ የቺፑ የራሱ ቁልፍም ከቺፑ አይወጣም፤ የሚወጣው ፊርማው ነው። ያዥ የሚለውንም ከገንዘብ ያዥ እናውቀዋለን፤ ገንዘቡ የሱ አይደለም፣ በአደራ የተሰጠው ነው። እንግሊዝኛው «የታመነ» ሲል ሊደርስበት የፈለገው ይኸው ነው። ድረ ገጽን ከሸማኔው ድር፣ የይለፍ ቃልን ከዘበኛው በር ያገኘ ቋንቋ ይህንንም ከቢሮው መሳቢያ ቢወስድ ምን ይነካዋል?

ጥገናው ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ላፕቶፑን አጥፍተን ስናስነሳ ወደ መነሻ ቅንብሩ፣ ወደ ባዮስ ገባን። የቺፑ ስም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ኢንቴል ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ይሉታል። ተዘግቶ አገኘነው፤ ከፍተን፣ አስቀምጠን ወጣን። ዊንዶውስ ሲነሳ አየው፤ ስሪቱም 2.0 ነበር። 1.2 ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም ነበር።

ጋሼ በእርሳስ «መድረክ ሞጁል» የሚለውን ሰርዘው «ማኅተም ያዥ» ብለው ጻፉበት። ከታች «ያጽዱ» ያለበት ጋ ሲደርሱ ምን ልበል ብለው ጠየቁኝ። «ይሻሩ» አልኳቸው። ጽፈው ጨረሱና ከጎኑ ትልቅ የመስቀል ምልክት አደረጉበት።