በቤት ውስጥ ስለሚበሩ የጥንት አይሮፕላኖች



አንድ ሰው በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩ ባጠገቡ ሳለ፣ የኮምፒዩተሩን ስክሪን እየተመለከተ፣ ዛሬ በሙዚየም ውስጥ ቆሞ የቀረውን የጥንት አይሮፕላን ያበርራል ቢባል፣ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ልጆች ጨዋታ እንቈጥረዋለን። ጨዋታነቱን አንክድም። ነገር ግን የዚህ መሣሪያ አባት የሆነው መለማመጃ ከበሬታን ያገኘው በሰው ሞት ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ማንሣት ይገባል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ በኒውዮርክ ግዛት፣ በቢንግሃምተን ከተማ፣ አባቱ ፒያኖና ኦርጋን በሚያሠራበት ፋብሪካ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። የበረራ ትምህርት ዋጋው ውድ ሆኖ ስላገኘው፣ ለኦርጋን የሚያገለግለውን ወናፍ ወስዶ ከአንዲት ትንሽ የእንጨት አይሮፕላን በታች አደረገው። ተማሪው መሪውን ሲነካ ወናፉ ነፋስ እየሞላና እየጐደለ፣ አይሮፕላኒቱ በቆመችበት ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ታዘነብላለች። ይህ በ1929 ዓ.ም. ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያ ዕቃውን የፈለጉት ይበልጡን የመዝናኛ ሥፍራዎች ነበሩ።

በ1934 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ፖስታ በአየር እንዲያመላልስ ታዘዘ። በደመናና በበረዶ ውስጥ፣ ምድርን ሳያዩ፣ በመሣሪያ ብቻ መብረርን ያልለመዱ አብራሪዎች ስለነበሩ በጥቂት ወራት ውስጥ 12 ያህሉ ሞቱ። ሠራዊቱም የሊንክን መለማመጃዎች 6 ያህል፣ እያንዳንዱን በ3,500 ዶላር ገዛ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እንለፈው። ብሩስ አርትዊክ የተባለ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለአፕል ኮምፒዩተር የበረራ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ የርሱን ሥራ በስሙ አወጣው። የመጀመሪያው በረራ መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ2003 ዓ.ም. ይኸው ኩባንያ 9 የታሪክ አይሮፕላኖችን በፕሮግራሙ ውስጥ ጨመረ። ከነዚህም አንዱ የራይት ወንድማማቾች አይሮፕላን ነው።

ይህ አይሮፕላን ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ዓ.ም. በኪቲ ሆክ አቅራቢያ 4 ጊዜ በረረ። የመጀመሪያው 12 ሴኮንድና 37 ሜትር፣ የመጨረሻው 59 ሴኮንድና 260 ሜትር ነበር። በዚያው ቀን ነፋስ ገልብጦ ስለሰበረው ዳግመኛ አልበረረም። አብራሪው በሆዱ ተኝቶ፣ ወገቡን ወደ ጐንና ወደ ጐን እያንቀሳቀሰ ክንፎቹን ይጠመዝዛል፤ የከፍታውም መሪ ከፊት እንጂ ከኋላ አይደለም። በቤቱ የሚሞክረው ሰው አፍንጫው ቀና ሲል ይጫናል፣ ሲያቀረቅር ይስባል፣ እርማቱም እየበዛ ወዲያው ከአሸዋው ላይ ይወድቃል። በመጽሐፍ «12 ሴኮንድ» ተብሎ ሲነበብ ያነሰው ጊዜ፣ ያን ጊዜ እጅግ ረዥም ሆኖ ይታየዋል።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ሌላ አይሮፕላን በትክክል በዚያው አምሳል ተሠርቶ ነበር። የነፋስ መፈተኛ ውጤት በገባበት ማስመሰያ አብራሪዎቹ ሠለጠኑ፤ ያሠለጠናቸውም በ1953 ዓ.ም. ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ በላይ በመብረር የመጀመሪያው የሆነው ስኮት ክሮስፊልድ ነበር። በልምምድ ጊዜ ጥቂት ርቀት ቢበርም፣ በመቶኛው ዓመት ዕለት ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ ዝናቡ በዛ፣ ነፋሱ ደከመ፣ አይሮፕላኑም ሳይነሣ ከጭቃው ገባ። ማስመሰያው ጭቃ አላስተማረም ነበርና!

ለዚህ ነው መሣሪያውን ስናመሰግን ልክ ሊኖረን የሚገባው። ሊንድበርግ በ1927 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ ሲበር የነዳጁ በርሜል ከፊቱ ስለነበረ የፊት መስኮት አልነበረውም፤ በጐን መስኮትና በትንሽ መስተዋት መነጽር ያይ ነበር። ይህን ዕውርነት ማስመሰያው በሚገባ ያሳየናል። የ33 ሰዓት ተኩሉን እንቅልፍ ማጣት ግን ከቶ አያሳየንም፤ የደከመው ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ውቅያኖሱን አቁሞ ወደ እራቱ ይሄዳልና።

ከ9ኙ መካከል ለኛ ቅርብ የሆነው ዲሲ 3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው የዚሁ ዓይነት በሆነው የጦርነት ዘመን አይሮፕላን፣ በሲ 47 ነበር። ይህ አይሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ከፍ ያለ ስለሆነ አብራሪው ከፊቱ ያለውን መንገድ በደንብ አያይም፤ ሲያርፍም ጅራቱ ወደ ፊት ዞሮ ሊቀድም ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም የሚይዘው ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የለመደ ሰው በቤቱ ኮምፒዩተር ዲሲ 3ን ከአዲስ አበባ ሊያስነሣ ቢሞክር፣ ጅራቱ ከመሬት የሚለቅበትን ጊዜ እየጠበቀ፣ ሜዳው ከፊቱ ሲያልቅ ያየዋል።