ዲጂታል-ወደ-አናሎግ ቀያሪ

ዲጂታል-ወደ-አናሎግ ቀያሪ (በአጭሩ ዳክ) በቁጥር የተመዘገበን ድምፅ ወደ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚቀይር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ሲዲና ኮምፒዩተር ሙዚቃን የሚያስቀምጡት በዜሮና በአንድ ነው። አምፕሊፋየርና ስፒከር ግን የሚሠሩት በማያቋርጥ ሞገድ ስለሆነ በመካከላቸው ዳክ የግድ ያስፈልጋል። ስልክ፣ ላፕቶፕና የሲዲ ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ በውስጣቸው ዳክ ስላላቸው፣ ሌላ ከመግዛት በፊት ያለው በቂ መሆኑን ማጣራት ይገባል።

አሠራር

ድምፅ ሲቀዳ ሞገዱ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ናሙና በ16 ቢት ይጻፋል፤ ይህም 65,536 ደረጃዎች ይሰጣል። በናይኲስትና በሻነን ስም በሚጠራው የናሙና ሕግ መሠረት፣ አንድ ሞገድ በትክክል ተመልሶ እንዲገኝ የናሙናው ብዛት ከሞገዱ ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ የሲዲው መጠን ይህን ያሟላል። «ዲጂታል ድምፅ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ የዳክ ማጣሪያ ደረጃዎቹን አስወግዶ ለስላሳ ሞገድ ያወጣል።

ዓይነቶች

* የሬዚስተር መሰላል፦ እያንዳንዱ ቢት በተመጣጠኑ ሬዚስተሮች በኩል የራሱን ድርሻ ቮልቴጅ ይጨምራል። ትክክለኛነቱ በሬዚስተሮቹ እኩልነት ስለሚወሰን በጥራት ሲሠራ ዋጋው ይወደዳል።
* ዴልታ-ሲግማ፦ በጥቂት ቢቶች ግን በጣም በፍጥነት ይሠራል፤ ስሕተቱን ጆሮ ወደማይሰማው ከፍተኛ ድግግሞሽ ገፍቶ ያጣራዋል። ዛሬ አብዛኞቹ ዳኮች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ሲመረጥ የሚታዩ ነጥቦች

* መግቢያ፦ ለኮምፒዩተር ዩኤስቢ፣ ለቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ ኦፕቲካል ያስፈልጋል። የኦፕቲካል ገመድ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ በመሣሪያዎች የመሬት ሽቦ ግንኙነት የሚመጣውን «እምም» የሚል ድምፅ ሊያስቀር ይችላል።
* መውጫ፦ የተለመደው 2 ቮልት ገደማ ነው። የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የሌለውን ዳክ መቆጣጠሪያ ከሌለው አምፕሊፋየር ጋር ማገናኘት ድምፁን በሙሉ ኃይል ስለሚለቅ ስፒከሩን ሊያቃጥል ይችላል።
* ኖይዝ፦ 16 ቢት 96 ዴሲቤል ያህል፣ 24 ቢት ደግሞ በስሌት 144 ዴሲቤል ያህል ስፋት አለው። ይሁንና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ራሳቸው በሙቀት ምክንያት ኖይዝ ስለሚፈጥሩ 24 ቢቱ በሙሉ በተግባር አይገኝም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው «32 ቢት» ብቻውን የጥራት ማስረጃ አይሆንም፤ የተለካውን የኖይዝና የመዛባት መጠን ማየት ይሻላል።

የከፍተኛ ናሙና ክርክር

96,000 ወይም 192,000 ናሙና ከሲዲ የተሻለ ይሰማል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሜየርና ሞራን ባሳተሙት ጥናት፣ ከ500 በላይ በሆኑ ሙከራዎች አድማጮች ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ ከሲዲ ጥራት መለየት አልቻሉም፤ ትክክለኛ መልሳቸው ግማሽ ያህል፣ ማለትም በግምት ከሚገኘው ጋር እኩል ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆሹዋ ሪስ 18 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ 52.3 በመቶ ትክክለኛ መልስ አገኘ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የሚታይ ቢሆንም ትንሽ ነው።

ማወዳደርና ወጪ

ሁለት ዳኮች ሲወዳደሩ የድምፅ መጠናቸው በቮልት መለኪያ እኩል መደረግ አለበት፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላልና። አድማጩም የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

ጥሩ ዳክ የሚጨምረው መዛባት ከመቶኛ ክፍል እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ስፒከር ግን በተለይ በወፍራም ድምፆች ከዚያ ብዙ እጥፍ ያዛባል፤ የክፍሉ ግድግዳም ድምፁን ይለውጣል። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ስለዚህ ስፒከሩና አቀማመጡ ይቀድማሉ። የተለየ ዳክ በእርግጥ የሚጠቅመው የኮምፒዩተሩ መውጫ ሽሽታ ሲያሰማ፣ ወይም መሣሪያው ዲጂታል መውጫ ብቻ ሲኖረው ነው። ሸክላና ካሴት አናሎግ በመሆናቸው በቀጥታ ሲደመጡ ዳክ አያስፈልጋቸውም።