ኮይልን ከውስጥ የሚይዘው ዘንግ

መቀሌ ቆርቆሮ መሸጫ ደጃፍ የምታዩት ሉህ ፋብሪካ ሲገባ ጥቅል ነበር። ቶኖች የሚመዝን ነው፤ «ኮይል» ይሉታል። መሃሉ ክፍት ሲሆን ስፋቱ ብዙ ጊዜ 508 ወይም 610 ሚሊሜትር ነው።

ይህን ጭነት የሚሸከመው ማንድሬል ነው፤ በርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቦታ የተከፈለ ዘንግ። ጠብቦ ይገባል። ከዚያ ሃይድሮሊክ ውስጡ ያለውን ሽብልቅ ሲስበው ክፍሎቹ ወደ ውጭ ተገፍተው ኮይሉን ወጥረው ይይዙታል።

ፈተናው ግን ብረቱ መጀመሪያ ተዳምጦ በሚጠቀለልበት ፋብሪካ ነው። ላሜራው ተወጥሮ ስለሚጠመጠም እያንዳንዱ ዙር ዘንጉን ይጨምቀዋል፤ ዙሩ ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራል። እዚህ የሽብልቁ ተዳፋት ወሳኝ ነው፦ በጣም ከቀጠነ ይቀረቀርና ኮይሉ አልወጣም ይላል፤ በጣም ከቆመ ዘንጉን ሰፍቶ ለማቆየት ትልቅ ሲሊንደር ይጠይቃል። ግሪስ ሲደርቅም ያው መቀርቀር ነው፤ ስለዚህ ግሪስ መቀባት የሰነፍ ሥራ አይደለም። በክፍሎቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ከቀረ ደግሞ የውስጠኞቹ ዙሮች ይሰረጉዱና ተቆርጠው ይጣላሉ።

ቆርቆሮ ፋብሪካ ለምትቀጠሩ፦ ማንድሬሉ ሳይወጠር የኮይሉ ማሰሪያ አይቆረጥም። ሲቆረጥም ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ጫፉ እንደ ስፕሪንግ ይፈናጠራል።