ሻንጋይ በፒጃማ

በቻይናዋ የወደብ ከተማ በሻንጋይ በጠራራ ፀሐይ ፒጃማ ለብሶ መንገድ ላይ መውጣት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዘመናቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የከተማዋ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ሰዎች ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ፒጃማ ለብሰው፣ ነጠላ ጫማ ተጫምተው ጎመን ይገዛሉ፣ ጋዜጣ ያነብባሉ፣ ከጎረቤት ጋር ቆመው ያወጋሉ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጀስቲን ጉዋሪሊያ በ2008 ባሳተመው የሻንጋይ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ጉልህ ቦታ አላቸው፤ አብዛኞቹ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አቅንተው፣ ኮራ ብለው ቆመዋል። ያ ኩራት ከየት እንደመጣ ለማወቅ የልብሱን፣ ከልብሱም ይልቅ የቤቱን ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል።

ቃሉ የፋርስ ነው። “ፓይ” እግር፣ “ጃማ” ልብስ ማለት ሲሆን ሁለቱ ሲገጥሙ “የእግር ልብስ” ይሆናሉ። በሕንድ ፒጃማ የሚባለው ወገቡ በገመድ የሚታሰር ሰፊ ሱሪ ነበር፤ ሰው ሥራ ይሠራበታል፣ ገበያ ይሄድበታል። የመኝታ ልብስ ያደረጉት በሕንድ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዞች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ፒጃማ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ወንዶች ይተኙበት የነበረውን ረጅም የሌሊት ቀሚስ ቀስ በቀስ ተካ። በ1920ዎቹ ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ በጁዋን ሌ ፔን እና በቬኒስ ሊዶ የባሕር ዳርቻዎች ባለጸጋ ሴቶች የሐር ፒጃማ ለብሰው በቀን መታየት ጀመሩ። ልብሱ ሲፈጠር የቀን ልብስ ነበርና፣ ሻንጋይ ላይ ወደ አደባባይ ሲወጣ ወደ ጥንት ሥራው ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ሻንጋይ ለውጭ ነጋዴዎች የተከፈተችው ቻይና በኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ በ1842 የናንጂንግን ውል ከፈረመች በኋላ ነው። እንግሊዞች፣ አሜሪካውያንና ፈረንሳዮች የየራሳቸውን ክልል ያዙ። ከ1850 እስከ 1864 የዘለቀው የታይፒንግ ዓመፅ አካባቢውን ሲያተራምስ እጅግ ብዙ ስደተኛ ወደ እነዚህ ክልሎች ጎረፈ፤ ባለ ርስቶቹም ለኪራይ የሚሆኑ የእንጨት ቤቶችን እያያያዙ በረድፍ በረድፍ ሠሩ። እሳት ሲያስቸግር ከ1870ዎቹ ጀምሮ በጡብ መሥራት ተጀመረ። ቤቶቹ የበራቸው መቃን ከድንጋይ የተጠረበ በመሆኑ ሺኩመን፣ “የድንጋይ በር” ተባሉ። በቤቶቹ መካከል ያለው ጠባብ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሎንግታንግ ይባላል። አንድ ዋና መተላለፊያ ከጎዳናው ይገባል፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እንደ ዓሣ አጥንት ይወጣሉ። መግቢያው ላይ በር አለ፤ በሩ ሲዘጋ መንደሩ በሙሉ እንደ አንድ ግቢ ይሆናል።

አንድ ሺኩመን መጀመሪያ የታሰበው ለአንድ ደህና ኑሮ ላለው ቤተሰብ ነበር። ግን የከተማው ሕዝብ በበዛ ቁጥር፣ በተለይም በ1937 የጃፓን ጦር ሻንጋይን ከወረረ በኋላ፣ ቤቱ በየክፍሉ፣ ክፍሉም በሳንቃና በመጋረጃ እየተሸነሸነ ለደባል ተከራየ። ከማድ ቤቱ በላይ፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ያለችው ወደ ሰሜን የምትመለከት ቀዝቃዛ ክፍል ቲንግዚጂያን ትባላለች፤ ኪራይዋ ርካሽ ስለነበር የድሃ ደራስያን መጠለያ ሆና ቆይታለች። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአንድ የሻንጋይ ነዋሪ ድርሻ ከ5 ሜትር ካሬ ያነሰ ነበር። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ክፍል ያድራሉ።

የኑሮው ዝርዝር ለዚህ ታሪክ ከሁሉም በላይ አስፈላጊ ነው። አንዱን ማድ ቤት አራት አምስት ቤተሰብ ይጋራዋል። እያንዳንዱ የመብራት ሒሳቡን ለይቶ ስለሚከፍል በአንዲት ጠባብ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ አምፖሎች ይንጠለጠላሉ፤ የየአንዳንዱ ማብሪያ በባለቤቱ ክፍል ውስጥ ነው። ሽንት ቤት አብዛኛው ቤት የለውም። የእንጨት ፖፖ በየማለዳው ወደ መንደሩ ማፍሰሻ ይወሰዳል፣ ይታጠባል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ደጅ ላይ ይሰጣል። የከሰል ምድጃው ጭሱ እንዲወጣ መተላለፊያው ላይ ይቀጣጠላል። ልብስ ከመስኮት በተዘረጋ የቀርከሃ ዘንግ ላይ ይሰቀላል። በበጋ ሙቀቱ ሲብስ ሰው የቀርከሃ ወንበሩን ይዞ ደጅ ያመሻል፤ እዚያው የሚተኛም ነበር።

እንዲህ ባለ ኑሮ ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ፊቱን እስኪታጠብ ድረስ ግማሹን ሰፈር ያገኛል። ፖፖ ለማፍሰስ፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ምድጃ ለማቀጣጠል በወጣ ቁጥር ልብስ ልቀይር ቢል ገመናውን ከልሎ የሚቀይርበት ቦታ እንኳ የለውም። ስለዚህ ለሎንግታንግ ሰው “ቤት” የሚያበቃው በክፍሉ በር ሳይሆን በመንደሩ መግቢያ ነበር። ከመግቢያው ወጣ ብሎ ደግሞ የሩዝ ገንፎ የሚሸጠው፣ ጎመን የምትቸረችረው፣ ጫማ ሰፊው አሉ። እነርሱም ቢሆኑ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። የቤቱ ድንበር አንድ እርምጃ፣ ከዚያም አንድ መንገድ እየተገፋ ሄደ፤ ፒጃማውም አብሮ ሄደ።

ይሁን እንጂ ጥበቱ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም፤ ከ1970ዎቹ በፊትም ቤቱ ጠባብ ነበር። በዚያ ዘመን ሰው የሚተኛው በነተበ ካናቴራና በተጣጣፈ የውስጥ ሱሪ ነው። ምክንያቱም ጨርቅ በኩፖን ነበር የሚሸጠው። ከ1954 እስከ 1983 ድረስ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ኩፖን ከሌለው የጥጥ ጨርቅ መግዛት አይችልም ነበር። የሻንጋይ ሰው በአለባበሱ ጥንቁቅ ነውና ለዚህ ችግር የራሱን መላ አገኘ፦ ሙሉ ሸሚዝ የማይወጣው ጨርቅ ኮሌታና የደረት ቁራጭ ብቻ ሆኖ ይሰፋል፤ በሹራብ ሥር ሲለበስ ከውጭ የሚያየው ሰው ሙሉ ሸሚዝ ይመስለዋል። ጨርቅ እንዲህ በብልሃት በሚቆጠብበት አገር ለመኝታ ብቻ ተብሎ የተሰፋ፣ ከላይና ከታች የሚመሳሰል ልብስ ማግኘት የማይታሰብ ቅንጦት ነበር።

በ1978 በቻይና የኢኮኖሚ ማሻሻያ ተጀምሮ ሱቆች ሲሞሉ ፒጃማ ከመጀመሪያዎቹ የድሎት ምልክቶች አንዱ ሆነ። የፋብሪካ ሠራተኛዋ አዲሱን ፒጃማዋን ለብሳ ወደ ገበያ ስትወጣ ቤተሰቧ ለእንቅልፍ የሚተርፍ ጨርቅ እንዳለው ማሳየቷ ነበር። የውጭ ሰው ግድየለሽነት ያለው ነገር ለእሷ መዘነጥ ነበር። በካሜራው ፊት የሚታየው ኩራት ምንጩ ይህ ነው፤ ይህን ያላገናዘበ ትችት ሁሉ ሰዎቹን ይበድላል።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ፤ ብርድ። የቻይና መንግሥት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቤት ማሞቂያ የዘረጋው ከሁዋይ ወንዝ በስተሰሜን ላሉ ከተሞች ነው። ሻንጋይ ከወንዙ በስተደቡብ ትገኛለች። በጥር የቤቱ ውስጥና ደጁ እኩል ይቀዘቅዛሉ፤ ብርዱም እርጥብ ስለሆነ አጥንት ድረስ ይገባል። የሻንጋይ የክረምት ፒጃማ ጥጥ ተሞልቶ የተደረተ፣ ከሹራብ በላይ የሚደረብ ወፍራም ልብስ ነው። ይህን ለብሶ የሚወጣ ሰው በተግባር ካፖርት ለብሷል ማለት ነው።

የቻይና ባለሥልጣናት የዜጋውን አለባበስ ለማረም መነሣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በወቅቱ የቻይና መሪ የነበረው ቺያንግ ካይ ሼክ በ1934 በናንቻንግ የጀመረው “የአዲስ ሕይወት ንቅናቄ” ሰው የልብሱን ቁልፍ እንዲቆልፍ፣ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ያዝዝ ነበር። በ1995 የሻንጋይ አስተዳደር “ሰባቱ ክልከላዎች” የተባለ መመሪያ አወጣ፤ ምራቅ መትፋትን፣ ቆሻሻ መጣልን፣ ስድብን ያካትታል። ፒጃማ ከሰባቱ ውስጥ አልነበረም።

ተራው የደረሰው ሻንጋይ የ2010 ዓለም አቀፍ ኤክስፖ አስተናጋጅ ስትሆን ነው። ለዝግጅቱ ሥፍራ ሲባል 18,000 ያህል ቤተሰቦች ከሁዋንግፑ ወንዝ ዳርና ዳር ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ከኤክስፖው ሥፍራ አቅራቢያ በፑዶንግ በሚገኘው በቺባ ሰፈር ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በመግቢያው እየቆሙ ፒጃማ የለበሱ ጎረቤቶቻቸውን ተመልሰው እንዲቀይሩ ይለምኑ ጀመር። መፈክሩ ሰው በፒጃማ ከበር እንዳይወጣ፣ ለኤክስፖው የሠለጠነ ዜጋ እንዲሆን ይጠይቃል። ልመናው ግን የትኛውን በር ማለቱ እንደሆነ አይናገርም፤ የሎንግታንግ ሰው በሩን የሚያውቀው ሌላ ቦታ ነው። በከተማዋ ክርክር ተነሣ። ገሚሱ ፒጃማ በአደባባይ እንግዳ ፊት ያሳፍራል ሲል ገሚሱ ማንንም የማይጎዳ የሻንጋይ ባህል ነው አለ። ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 ቀን 2010 ድረስ 73 ሚሊዮን ጎብኚ መጥቶ ሄደ፤ ፒጃማውም ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ከዚያ የከፋው በጥር 2020 በአንሁዊ ክፍለ ሀገር በሱጆው ከተማ ሆነ። የከተማው አስተዳደር ሰባት ሰዎች ፒጃማ ለብሰው ሲሄዱ የደኅንነት ካሜራ ያነሣውን ፎቶግራፍ ከስማቸውና ከመታወቂያቸው ዝርዝር ጋር “ያልሠለጠነ ባሕርይ” ብሎ በኢንተርኔት ላይ ለጠፈ። የሕዝቡ ቁጣ በረታና አስተዳደሩ ይቅርታ ጠየቀ። ብዙዎቹን ያስቆጣቸው የካሜራው ኃይል ነበር፤ በለበሰው ልብስ ብቻ የሰው ስም በአደባባይ መውጣቱ በእርግጥም ከባድ በደል ነው።

በሻንጋይ ፒጃማውን ከመንገድ እያራቀው ያለው የቤቶቹ መፍረስ ነው። ከተማዋ በ1990ዎቹ ብቻ 3.65 ሚሊዮን ሜትር ካሬ ያረጀ ቤት ለማንሣት አቅዳ እስከ 2000 ፈጸመችው። በ1921 የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ የተመሠረተበት ሺኩመን ሙዚየም ሆኗል፤ በአጠገቡ ያሉት ቤቶች ዢንቲያንዲ በተባለው የመዝናኛ ሠፈር ውስጥ ምግብ ቤትና ሱቅ ሆነዋል። ነዋሪው በረጃጅም ሕንጻዎች የራሱን መታጠቢያ፣ የራሱን ማድ ቤትና አንድ አምፖል አግኝቷል። ሕንጻዎቹ ግን ዘበኛ ያለው አጥርና የጋራ መግቢያ አላቸው፤ ከሎንግታንግ የመጡት አዛውንቶች ጠዋት ጠዋት በፒጃማ እስከዚያ መግቢያ ድረስ ይወርዳሉ።