ፎል ብላንሽ፦ ወደ ማሳ የተመለሰው ነባር የብራንዲ ወይን

ብራንዲ ከወይን ጠጅ ተነጥሮ የሚገኝ ጠንካራ መጠጥ ነው። በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት መካከል በምዕራብ ፈረንሳይ የሚመረተው ኮኛክና በደቡብ ምዕራብ በጋስኮኝ ምድር የሚመረተው አርማኛክ ይገኙበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሁለቱም ዋነኛ ግብዓት የነበረው ፎል ብላንሽ የተሰኘ ነባር ነጭ የወይን ዝርያ ነው።

የፎል ብላንሽ ፍሬ ኮምጣጣ፣ ስኳሩም አነስተኛ ስለሆነ ጠጁ ለገበታ እምብዛም አይመረጥም። ለብራንዲ ግን ተፈላጊው ይኸው ጠባይ ነው። ኮምጣጣነቱ ጠጁን እስኪነጠር ድረስ ከብልሽት ይጠብቀዋል፤ የአልኮሉ ማነስም ሲነጠር የፍሬው መዓዛ ተጠናክሮ እንዲወጣ ያደርጋል።

ከማሳ የወጣበት ምክንያት

እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለ፣ ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሥር መጣጭ ተባይ አካባቢውን ወረረ። ወደ 280 ሺህ ሄክታር ይደርስ የነበረው የኮኛክ የወይን ማሳ በ1893 ወደ 42 ሺህ ሄክታር ገደማ አሽቆለቆለ።

መፍትሔ የሆነው የነባሩን ወይን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መክተብ ነበር። ይሁን እንጂ ፎል ብላንሽ በአዲሱ ሥር ላይ ከመጠን በላይ ለመለመ፤ ዘለላውም ተጠቅጥቆ አየር ስለማያስገባ በዝናባማ የመኸር ወቅት በግራጫ ሻጋታ መበስበስ ጀመረ።

ስለዚህ የኮኛክ ገበሬዎች ዩኒ ብላን ወደተባለው የጣሊያን ዝርያ ዞሩ፤ ዛሬ ከማሳው ከ95 በመቶ በላይ የሚሸፍነው እርሱ ነው። በጋስኮኝ በኩል ደግሞ ፍራንሷ ባኮ የተባለ መምህር በ1898 ፎል ብላንሽን ከአሜሪካ ዘር ካለው ወይን ጋር አዳቅሎ «ባኮ 22ኤ» የተሰኘውን ጠንካራ ዝርያ አስገኘ።

አመላለሱ

ከጊዜ በኋላ አንዳንድ አምራቾች፣ በተለይም በአርማኛክ፣ ነባሩን ዝርያ እንደገና መትከል ጀመሩ። ጠጁን ለብቻው በመዳብ ማንጠሪያ አንጥረው በኦክ በርሜል ያስቀምጡታል፤ የዝርያውንም ስም በጠርሙሱ ላይ ይጽፋሉ። ብራንዲው የሚታወቀው በለስላሳነቱና አበባ አበባ በሚል ሽታው ነው።

ሥጋቱ ግን ዛሬም አልተወገደም። ገበሬው በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል እየቀነሰ አየር ማስገባት፣ ሻጋታም ሳይቀድመው መልቀም ይኖርበታል። ዝርያው በማሳ ላይ ጸንቶ የሚቆየው ገዥው ለመዓዛው የሚከፍለው ዋጋ የዝናባማውን ዓመት ኪሳራ መሸፈን ሲችል ነው።